ሃሎዊን በብሪታንያ፦ ዱባ፣ ከረሜላና የተቀባ ፊት

ልጆች አስፈሪ መስለው ቤት ለቤት ከረሜላ የሚለቅሙበት፣ ዱባ ተፈልፍሎ ፋኖስ የሚሆንበት ሃሎዊን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ የማርያም ዕለት መሆኑ ነው። ስሙ ከክርስትና የመጣ ነው፤ ማግስቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሆነ ይህ ዋዜማው ነው። ልማዱን ግን ብዙዎች ኬልቶች የሚባሉት የአየርላንድና የብሪታንያ የጥንት ሕዝቦች ያከብሩት ከነበረው ሳዊን ከተባለ የብርድ ወቅት መግቢያ በዓል ጋር ያያይዙታል።

«የአሜሪካ ነገር ነው» የሚሉ እንግሊዛውያን ሞልተዋል። ለራሳቸው አገር ብዙም አልተሳሳቱም። የእንግሊዝ ልጆች በዚህ ሰሞን የሚጠብቁት ኖቬምበር 5ን ነበር። በፈረንጆቹ 1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት በተሸረበው ሴራ የተያዘው ጋይ ፎክስ የሚታወስበት፣ ደመራና ርችት ያለው ምሽት ነው። ቤት ለቤት ከረሜላ መልቀም እዚያ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

ስኮትላንድና አየርላንድ ግን ሌላ ናቸው። አሜሪካም ልማዱን ያገኘችው በዋናነት ከእነሱ ስደተኞች ነው። የስኮትላንድ ልጅ እንዲሁ እጁን አይዘረጋም። መጀመሪያ ይዘፍናል፣ ግጥም ይላል ወይም ቀልድ ያወራል፤ ከዚያ ነው ፖም፣ ለውዝ ወይም ሳንቲም የሚሰጠው። ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ሙልሙል የተቀበለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ፊታቸውን ጥላሸት ይቀቡ ነበር። ፋኖሱም ከዱባ ሳይሆን ተርኒፕ ከሚባል ሥር ነበር የሚሠራው። ተርኒፕ ደግሞ ጠጣር ነው፤ ውስጡን ፍቆ ለመጨረስ ክንድ ይዝላል። ዱባ ቢያሸንፈው አይገርምም።

ብሪታንያ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምትመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በዚህ ቀን ለንደን ላይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ሕፃናት ከወላጅ ጋር የሚወጡት ያኔ ነው። ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ በሩ ላይ የበራ ዱባ ያስቀመጠ እንግዳ ይፈልጋል፣ ዱባ የሌለበት ቤት አይንኳኳም። እዚያ ከሚኖሩ ሐበሾች ልጆቻቸውን የሚያለብሱ አሉ፤ «የሰይጣን በዓል» ብለው መብራት የሚያጠፉም አሉ። ይህ የሐበሻ ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ምሽት ለልጆች «የብርሃን ግብዣ» ያዘጋጃሉ።

ልብስ ካልተገዛ ፊት መቀባት ይበቃል። ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ፣ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። አክሪሊክና የትምህርት ቤት የሥዕል ቀለም «መርዛማ አይደለም» ቢባልም ፊት ላይ አይገባም። ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ ማየት ደግ ነው።

ለጀማሪ የሚቀለው የራስ ቅል ነው። ስፖንጁ ይረጥባል፣ በደንብ ይጨመቃል፤ ከዚያ ነጩ መታ መታ እየተደረገ ይቀባል። ካልደረቀ ጥቁሩ ሲነካው አመድ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሲደርቅ ዓይን ዙሪያ ጥቁር ክብ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ ከንፈር ላይ ቀጫጭን የጥርስ መስመሮች ይሣላሉ። ዓይን ስር ሲቀባ ልጁ ወደ ላይ ያያል፤ ከሣቀ ጥርሱ ይጣመማል፣ መሣቁ ግን አይቀርም። ማታ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ከረሜላ ሲቆጥር እንቅልፍ ከጣለው ግን ጠዋት የራስ ቅሉ ግማሽ ትራሱ ላይ ነው።