የጥልቅ ባሕር ፍጥረት ለገጣፎ ሳሎን ውስጥ

ለገጣፎ ያለ አንድ ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ሳጥን አለው። ውስጡ ከስንዝር የሚበልጥ፣ ባለ 14 እግር፣ ግራጫ ቅርፊት የለበሰ ፍጥረት ተቀምጧል። እንግዳ ሁሉ «ፕላስቲክ ነው?» ይላል። አይደለም። ግዙፍ አይሶፖድ ነው። ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ የምትገኘው፣ ሲነኳት እንደ ኳስ የምትጠቀለለው ትንሽዬ ፍጥረት ዘመዱ ናት። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ዝርያ ለሳይንስ የተዋወቀው በ1879 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። የወዳጄ ግን የቬትናም ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ውስጥ የገባ ነው። እዚያ አገር ይበላል።

የደረቁና የተጠበቁ የጥልቅ ባሕር ፍጥረታትን መሰብሰብ ለኛ ሩቅ ነገር ይመስላል። ከአዲስ አበባ ዳር ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ በዋናነት የሚሠራው ግን በሐይቅና በወንዝ ዓሣ ላይ ነው። የባሕሩ ከውጭ ይመጣል።

ቅርፊት ያለው ይደርቃል። ውስጡ ይጸዳል፣ እግሮቹ በመርፌ ተደግፈው ቅርጽ ይይዛሉ። ሥጋው ለስላሳ የሆነው ግን ፈሳሽ ይፈልጋል። መጀመሪያ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ሥጋውን ያጸናዋል፤ ከዚያ ታጥቦ አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ካንሰር ያመጣል፤ ቤት ውስጥ በፍጹም አይሞከርም። በካቲካላ እንሞክረው የሚል አይጠፋም፤ ጥንካሬው አይደርስም።

የኛ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ሲገባ የደረቀው ይሻግታል። ወዳጄ ለዚህ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥኑ ጥግ ይከታል። ከፍታችን ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ክዳኑ ካልጠበቀ አልኮሉ ቶሎ ይተናል።

በጠርሙስ የሚታየው ሁሌም እውነተኛ መልክ አይደለም። ቀለሙ ይነጣል። በ2003 የተያዘችውና ሲድኒ፣ የአውስትራሊያ ሙዚየም ውስጥ ያለችው ብሎብፊሽ የምትባል የጥልቅ ባሕር ዓሣ በተዝረከረከ ፊቷ ዓለም ስቆባታል። ባሕር ውስጥ ግን የውሃው ግፊት ደግፎ ስለሚይዛት ዓሣ ነው የምትመስለው። እኔ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የምወደው የሲላካንት ታሪክ ነው። በ1938 ዲሴምበር፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን ወደብ፣ ማርጆሪ ኮርትኒ-ላቲመር የምትባል የሙዚየም ሠራተኛ 1.5 ሜትር የሚሆን እንግዳ ዓሣ አገኘች። በጋ ነበር። የሬሳ ክፍል ጠየቀች፣ እንቢ አሏት። ቀዝቃዛ መጋዘን ጠየቀች፣ እንቢ አሏት። ፎርማሊኑም አልበቃ አለ። በመጨረሻ ሆድ ዕቃው ተጥሎ ቆዳው ውስጡ ተሞልቶ ቆመ። ከ65 ሚሊዮን ዓመት በላይ ጠፍቷል የተባለ ዘር ነበር! ውስጡን ለማጥናት ሁለተኛው እስኪያዝ፣ እስከ 1952 መጠበቅ ግድ ሆነ። ዛሬ ሲላካንትን አገር አሻግሮ መነገድ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ክልክል ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፍጥረቱን መረጃ የያዘውን ወረቀት መሆን አለበት። የት ተያዘ? በስንት ሜትር ጥልቀት? መቼ? ማን ያዘው? ይህ ከሌለ ጌጥ ነው፣ ለጥናት አይሆንም። ጠርሙስ ውስጥ የምትገባው ወረቀት በእርሳስ ትጻፋለች፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ወዳጄ አይሶፖዱን ሲገዛ ወረቀት አልነበረውም። ለሻጩ ደጋግሞ ጽፎ ያገኘው የባሕሩን ስምና ዓመቱን ብቻ ነው። ሁለቱን በእርሳስ ጽፎ ከሳጥኑ ሥር ለጥፏል። የጥልቀቱን ቦታ ባዶ ትቶታል።