የመለያየት ጭንቀት ምንድን ነው? ማልቀስ ሕመም፣ ዝምታም መልመድ ስላለመሆኑ

መስከረም በመጣ ቁጥር በአጸደ ሕፃናት በር ላይ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ «ሴፓሬሽን አንዛይቲ (የመለያየት ጭንቀት) አለበት» ሲባል እሰማለሁ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ እንደ በሽታ ስም ጠቅሰው «ሳያያችሁ ሹልክ ብላችሁ ውጡ፤ በሦስተኛው ቀን ዝም ይላል» ሲሉ ወላጆችን መክረዋል። ስያሜው ያለ ቦታው የገባ ነው፤ ምክሩ ግን ከዚያም አልፎ ጎጂ ነው።

የመለያየት ጭንቀት፣ ሕፃኑ የሚተማመንበትን ሰው ከሌላው ለይቶ ማወቁን የሚያሳይ የጤናማ ዕድገት ምልክት ነው። ከ8ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይታያል፤ ወደ 3 ዓመት ሲቃረብ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይለዝባል፤ ሆኖም አዲስ ቦታ፣ አዲስ ሰውና አዲስ ሥርዓት በአንድ ጠዋት ሲገጥሙት የ4 ዓመት ልጅም ቢያለቅስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሕመም የሚባለው ከዕድሜው በእጅጉ የበረታ፣ ቢያንስ 4 ሳምንት የዘለቀና የልጁን የዕለት ኑሮ ያወከ ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው የመረመረው ባለሙያ እንጂ በር ላይ የቆመ ተመልካች አይደለም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። በለንደን ታቪስቶክ በተባለ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ይሠራ የነበረው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ጄምስ ሮበርትሰን፣ ወላጅ እንደ ልብ እንዳይገባ በሚከለከልባቸው ሆስፒታሎች የተኙ ሕፃናትን ሲከታተል፣ በመጀመሪያ አምርረው እንደሚያለቅሱ፣ ቀጥሎም ተስፋ ቆርጠው ጸጥ እንደሚሉ አስተዋለ፤ ሠራተኞቹ ግን ጸጥታውን «ለመደ» ብለው ይተረጉሙት ነበር። ሌት ተቀን ከወላጅ መለየትና የግማሽ ቀን ትምህርት አንድ እንዳልሆኑ ወላጆች እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ የአተረጓጎሙ ስሕተት ግን ያው ነው። ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ የሚያረፍድ፣ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት የሚመልስ፣ ሽንት ቤት መጠየቅ ፈርቶ ሱሪውን የሚያረጥብ ልጅ ድምፁ አይሰማም፤ ለምዷል ማለት ግን አይቻልም። በአንጻሩ ጠዋት አልቅሶ፣ በመምህሯ እቅፍ ተረጋግቶ፣ ቀጥሎ ወደ ጨዋታው የሚገባው ልጅ በደህና መንገድ ላይ ነው።

የሞላ ወንዝ ተያይዞ የሚሻገር ሰው የኋለኛውን እጅ የሚለቀው የፊተኛው አጥብቆ ሲይዘው ነው። ሹልክ ብሎ መውጣት ልጁን መሀል ውኃ ላይ መልቀቅ ነው፤ እዚያ ቆሞ መጮኹን የተወ ሰው ደግሞ ተሻገረ አይባልም። እየተመለሱ ደጋግሞ መሰናበትም አይበጅም፤ አሻጋሪው ራሱ ሲያመነታ ያየ ልጅ ወዲያ ማዶ የሚያስፈራ ነገር አለ ብሎ ይረዳልና። ምሳሌው ከዚህ አያልፍም፤ ልጁ መምህሯን ሲይዝ እናቱን አይለቅም።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርሊን የተዘጋጀውና በጀርመን መዋዕለ ሕፃናት በሰፊው የሚሠራበት የማለማመጃ ሥርዓት ይህንኑ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ይቆያል እንጂ አይለይም፤ በ4ኛው ቀን ተሰናብቶ ቢበዛ ለግማሽ ሰዓት ይወጣል፤ ተንከባካቢዋ ልጁን ማባበል ካልቻለች ግን ወዲያው ይጠራል። መልመዱ የሚለካው ልጁ ሲከፋው በእሷ መጽናናቱ ነው። ሥርዓቱ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የታሰበ ነው፤ ተማሪ በበዛበት ክፍልና ፈቃድ በማታገኝ እናት ላይ እንዳለ መጫንም አይቻልም።

የሚቻለው ግን ብዙ ነው። ስንብቱ አጭርና በግልጽ ይሁን፤ «ስድስት ሰዓት ላይ» ከማለት «ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ» ማለት ለልጁ ይገባዋል፤ የተባለውም በሰዓቱ ይፈጸም። ሲወስዱት ቢነጫነጭ ትምህርት ቤቱን ጠልቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሲጠብቅ የዋለውን ስሜት የሚያራግፈው በሚተማመንበት ሰው ፊት ነው። መምህሯንም «ዛሬ አለቀሰ?» ከማለት «ሲከፋው ወደ ማን ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱ «ወደ ማንም» ከሆነ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዲት ሞግዚት ወይም መምህርት ዘወትር ጠዋት በሩ ላይ በስሙ ጠርታ እንድትቀበለው ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።