ጣዕም የተጨመረባቸው የትምባሆ ምርቶች የሽያጭ ቁጥጥር በሐዋሳ

ጣዕም የተጨመረባቸው የትምባሆ ምርቶች የሚባሉት ቅጠሉ፣ ማጣሪያው፣ መጠቅለያ ወረቀቱ ወይም በሙቀት የሚተነው ፈሳሽ የፍራፍሬ፣ የከረሜላ፣ የቫኒላ፣ የናና ወይም የሜንቶል ጣዕምና ሽታ እንዲኖረው ተደርገው የሚዘጋጁ ምርቶች ናቸው። በሐዋሳ ከተማ እነዚህ ምርቶች በዋናነት በሦስት መልክ ይታወቃሉ፤ እነርሱም ሺሻ፣ የሜንቶል ሲጋራና ወጣቶች ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ናቸው። ሽያጫቸው በመላ ኢትዮጵያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ሲሆን፣ የዚህ ዳሰሳ ትኩረት ክልከላው እንዴት እንደመጣና በሐዋሳ ሱቆች፣ መዝናኛዎችና ሺሻ ቤቶች ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ነው። ሌላ የዘመን አቆጣጠር ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጣዕሙ ለምን ቁጥጥር አስፈለገው

ትምባሆ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጨስ ሰው ጉሮሮው ይከረከራል፣ ያስለዋል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሸዋል። ይህ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ሜንቶል በአፍና በጉሮሮ ያሉትን ቅዝቃዜ የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች በመቀስቀስ ይህን መከርከር ስለሚያደነዝዝ፣ ጀማሪው ጭሱን ጠልቆ እንዲስብና እንዲደጋግም ያደርገዋል። የፖምና የወይን ጣዕምም በበኩሉ የትምባሆን ምሬት ይሸፍናል። ኒኮቲን ግን ጣዕሙ ምንም ቢሆን ያው ኒኮቲን ነው፤ የአንጎል እድገት እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ስለሚቀጥል በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ሱሰኛ ይሆናል።

ሺሻን በተመለከተ በሐዋሳ ወጣቶች ዘንድ በስፋት የሚሰማው ግምት፣ ጭሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የምክር ሰነድ፣ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አስፍሯል። በሺሻው አናት ላይ የሚቀመጠው ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ በመሆኑም አንዳንድ አቅራቢዎች «ትምባሆ የለበትም፣ ፍራፍሬ ብቻ ነው» እያሉ የሚያቀርቡትም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም።

ታሪካዊ መነሻ

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን በጥብቅ መከልከላቸው ይታወቃል፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ግን በተለምዶ ጋያ የሚባለው የውኃ ማጨሻ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል። ዘመናዊው የሲጋራ ምርትና ሽያጭ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ነበር።

የሕጉ አመጣጥ

የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1995 ዓ.ም. ጸድቆ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የፈረመችው ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃ የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጋዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 እና 10 የምርቶችን ይዘት መቆጣጠርን፣ አንቀጽ 16 ደግሞ ለልጆችና ለወጣቶች የሚደረግ ሽያጭን ይመለከታል። ለአንቀጽ 9 እና 10 እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመሪያም የትምባሆን ጣዕም ለማሳመር የሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች እንዲገደቡ ወይም እንዲከለከሉ አገራትን ይመክራል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ካጸደቀች በኋላ በ2007 ዓ.ም. የትምባሆ ቁጥጥር መመሪያ ወጣ፤ መመሪያ ግን የአዋጅን ያህል ጉልበት አልነበረውም።

በዚሁ ጊዜ የትምባሆ ንግዱ በሌላ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. በ434 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ድርሻ ወስዶ ይዞታውን ወደ 71 በመቶ አሳደገ። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚወጣው ገበያው እንደሚያድግ ታምኖ መሆኑ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ትምባሆ ዳሰሳ መሠረት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ነበሩ። አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት በሆነ አገር ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ለነጋዴው ገና ያልተነካ ገበያ፣ ለጤና ባለሙያው ደግሞ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከአፍሪካ ጠንካራ የትምባሆ ሕጎች አንዱ እንደሆነ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመስክሮለታል። አዋጁ ጣዕም የተጨመረባቸውን የትምባሆ ምርቶች ሽያጭ ከመከልከሉም በላይ ሺሻን፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ትምባሆን ሳያቃጥሉ በማሞቅ የሚሠሩ ምርቶችን ከገበያ አግዷል፤ ማስታወቂያን፣ ማስተዋወቅንና ስፖንሰርነትን ከልክሏል፤ በማሸጊያው የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶውን የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አስገድዷል፤ በሆቴሎች፣ በምግብ ቤቶችና በመጠጥ ቤቶች ጭምር በዝግ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥም ተከልክሏል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሽያጭ ዕድሜን ወደ 21 ያሳደገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019፣ የአውሮፓ ኅብረት የሜንቶል ሲጋራን ሙሉ በሙሉ የከለከለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ነው፤ ኢትዮጵያ በሁለቱም ጉዳዮች ቀድማ መገኘቷ በአገሪቱ የጤና ሕግ ታሪክ ተገቢ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በአንድ ባለ 20 ፍሬ ፓኬት 8 ብር ታክስ ጥሏል።

በሐዋሳ ያለው አፈጻጸም

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሐይቋ ዳርቻ የተቆረቆረች ውብ ከተማ ናት። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ በተለይም ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ ለከተማዋ ሕይወት ልዩ መልክ ሰጥተዋታል። ቅዳሜና እሑድ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለው ዳርቻ በወጣቶች ይሞላል። ይህ የከተማዋ ኩራት የሆነ የመዝናናት ባህል ለነጋዴው አመቺ መግቢያ መሆኑም አይካድም።

በከተማዋ የሺሻ አቅርቦት በአብዛኛው ከጫት መቃሚያ ቤቶች ጋር የተያያዘ ነው። ከአዋጁ በኋላ በግልጽ ይሠሩ የነበሩት ቦታዎች ሲዘጉ፣ አገልግሎቱ ወደ ተከራዩ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ጓዳ ክፍሎች ገብቷል። ፖሊስና የደንብ አስከባሪዎች በየጊዜው ድንገተኛ ፍተሻ እያደረጉ ዕቃዎቹን ይወርሳሉ፤ የተወረሱት ዕቃዎች በአደባባይ ሲቃጠሉ ማየትም በአገሪቱ ከተሞች የተለመደ ነው። ይህ ሥራ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ምስጋናው ጥቂት ነው። ሆኖም ፍተሻው በአብዛኛው የሚያተኩረው በዕቃውና በተጠቃሚው ወጣት ላይ በመሆኑ፣ ጣዕም ያለውን ትምባሆ በካርቶን የሚያከፋፍለው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። የቁጥጥሩ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ አንድ አከፋፋይ የሚቀጣበት እርምጃ አሥር ሺሻ ቤት ከመዝጋት የበለጠ ልጆችን ይጠብቃል።

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ቀድሞ በደቡብ ክልል መዋቅር ሥር የነበረው የጤና ቁጥጥር ኃላፊነት ወደ አዲሱ ክልል ጤና ቢሮና ወደ ከተማው አስተዳደር ተላልፏል። በፌዴራል ደረጃ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

በሱቅ ደረጃ ያለው ችግር ሌላ ነው። በየሰፈሩ ያሉ ትናንሽ ሱቆችና በተለይም ሱቅ በደረቴዎች ሲጋራን ከማስቲካ፣ ከከረሜላና ከሶፍት ጋር በአንድ ሣጥን ይዘው በፍሬ ይሸጣሉ። በፍሬ የሚገዛ ልጅ በፓኬቱ ላይ ያለውን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አያየውም፤ የዋጋ ጭማሪውም እምብዛም አይሰማውም። ዕድሜን ማረጋገጥም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቀበሌ መታወቂያ ለ18 ዓመት ሰው ስለሚሰጥ መታወቂያ መያዝ ብቻውን 21 መሙላትን አያሳይም፤ ሻጩ የትውልድ ዘመኑን ማንበብ አለበት። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ መስፋፋት ይህን ያቀለዋል፤ ይሁን እንጂ ሱቅ በደረቴው የሚሸጠው በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው በመሆኑ መታወቂያ መጠየቅ በእርሱ ዘንድ ገና ልማድ አልሆነም።

ቬፕ ከሁሉም በላይ ለቁጥጥር ያስቸግራል። መሣሪያው እስክርቢቶ ወይም ፍላሽ ዲስክ ስለሚመስል በደብተር መካከል ይደበቃል፤ ሽታው የትምባሆ ሳይሆን የማንጎ ወይም የእንጆሪ በመሆኑ ወላጅም መምህርም አይጠረጥረውም። ግብይቱ በቴሌግራምና በትውውቅ ስለሚካሄድ ሱቆችን በመፈተሽ ብቻ አይደረስበትም። ስለዚህ በዚህ ምርት ላይ የጉምሩክ ቁጥጥር ከከተማው ፍተሻ ይቀድማል።

አከራካሪ ነጥቦች

ክልከላው ወጣቱን ወደ ድብቅ ቤቶች ገፍቶታል የሚሉ አሉ፤ ይህ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ጥብቅ ሕግና ከፍተኛ ታክስ ኮንትሮባንድን ያባብሳሉ የሚለው የትምባሆ ኩባንያዎች ክርክር ግን በየአገሩ ታክስ በተጨመረ ቁጥር የሚነሳ ነው፤ ለኮንትሮባንድ ዋናው ምክንያት የድንበር ቁጥጥር መላላት እንጂ የጤና ሕግ አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየው ክልከላ ክፍተት ካለው ገበያው በክፍተቱ እንደሚሾልክ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ጣዕም ባላቸው ተቀያሪ የቬፕ መሙያዎች ላይ እርምጃ ወስዳ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ስትተው፣ ብዙ ወጣቶች ወደ እነዚያ ዞረዋል። በአውሮፓም ከሜንቶል ክልከላው በኋላ ሲጋራ ፓኬት ውስጥ ገብተው ጣዕም የሚሰጡ ካርዶች ለገበያ ቀርበዋል። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የታወጀው የሺሻ ክልከላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አጥቷል። የኢትዮጵያ ክልከላ ሲጋራን፣ ሺሻንና ቬፕን በአንድነት ማቀፉና በምክር ቤት በጸደቀ አዋጅ መቆሙ ከእነዚህ ክፍተቶች ብዙዎቹን ይዘጋል። በሐዋሳ የሚቀረው ሥራ የአከፋፋዮችን ሰንሰለት መከታተል፣ የሱቅ ባለቤቶችን ስለ 21 ዓመቱ ገደብ ማሠልጠንና በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያለውን ሽያጭ መቆጣጠር ነው። ሕገወጥ ሽያጭ የተመለከተ ነዋሪ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በባለሥልጣኑ 8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ መስጠት ይችላል።