የስራ ቦታ የደህንነት ምልክት ኮምቦልቻና ደሴ ላይ፦ ሰው ምን ያህል ያከብረዋል፣ እንዴትስ ይለካል

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣቶች ማሽን ላይ ቁጭ ብለዋል። ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ ትልልቅ ፋብሪካ ባይበዛም ጋራዡ፣ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱና የፎቅ ግንባታው ብዙ ነው። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ግድግዳቸው ላይ የደህንነት ምልክት አለ ወይ ሊኖር ይገባል፣ ዋናው ነገር ግን መለጠፉ ሳይሆን ሰው ያከብረዋል ወይ፣ ካላከበረስ ምን ከልክሎት ነው የሚለው ነው።

ምልክቶቹ ቀለማቸውና ቅርጻቸው በዘፈቀደ አይደለም፣ አይሶ 7010 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው። ሰማያዊ ክብ ግዴታ ነው፣ ሄልሜት አድርግ፣ ጆሮህን ሸፍን ምናምን። ቀይ ክብ ሰረዝ ያለበት ክልክል፣ ቢጫ ሶስት ማዕዘን ተጠንቀቅ፣ አረንጓዴው መውጫና የመጀመሪያ እርዳታ፣ ቀይ አራት ማዕዘን የእሳት ማጥፊያ ያለበት ቦታ። ችግሩ ይሄንን ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስረዳው አዲስ ሰራተኛ ሰማያዊውን ክብ እንደ ጌጥ ሊያየው ይችላል፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው ጽሁፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ወይ ቻይንኛ ነው፣ ከከሚሴ በኩል የመጣ ልጅ ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ሊቀለው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት መረዳት ነው፦ ስዕሉን አሳይቶ "ይሄ ምን ማለት ነው? ብታየው ምን ታደርጋለህ?" ብሎ መጠየቅ። አንሲ (ANSI) የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ተቋም ደረጃ ከተጠየቁት 85 በመቶው በትክክል እንዲመልስ፣ በአደገኛ ሁኔታ ተቃራኒውን የሚረዳው ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል።

ሁለተኛው ልኬት መቁጠር ነው። ቀኑና ሰዓቱ ሳይነገር፣ በእጣ በተመረጠ ሰዓት፣ የማታውን ሽፍትም ጨምሮ ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ስንት ሰው እንደነበረና ስንቱ የታዘዘውን እንዳደረገ ይመዘገባል። እንበል ግራይንደር ያለበት ክፍል ውስጥ 40 ሰው ታይቶ 26ቱ መነጽር ካደረጉ 65 በመቶ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ቢመዘግብና ቁጥራቸው ቢመሳከር ጥሩ ነው፣ አንዱ ግንባር ላይ የተሰቀለ መነጽርን "አድርጓል" ብሎ ሌላው "አላደረገም" ካለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ክላሴር የያዘ ሰው ሲገባ ደግሞ ሁሉም ቶሎ መነጽሩን ያወርዳል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁጥር እንዳለ ማመን አይቻልም።

እኔ ግን በጣም ትልቁ ጉዳይ ብዬ የማምነው የቀሩት 14 ሰዎች ናቸው። ለምን አላደረጉም? ከ14ቱ 9ኙ መነጽር ያልተሰጣቸው ከሆኑ፣ ወይ የተሰጣቸው ተጫጭሮ ተጫጭሮ የሚቆርጡት ብረት የማይታያቸው ከሆነ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ነውር ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 እራሱ አንቀጽ 92 ላይ መጀመሪያ አሰሪውን ነው ሚያዘው፣ መከላከያ ዕቃ አቅርብ፣ ስለ አደጋው አስረዳ ብሎ፣ ከዛ ነው አንቀጽ 93 ሰራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ ይጠቀም፣ መመሪያም ያክብር የሚለው። ስለዚህ መመዝገቢያው ወረቀት ላይ "አድርጓል፣ አላደረገም" ብቻ ሳይሆን "ማድረግ ይችል ነበር ወይ" የሚል ሶስተኛ ሳጥን የግድ ያስፈልጋል።

ይሄንን ጥናትም ይደግፈዋል። ዎጋልተርና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰው ማስጠንቀቂያን የሚታዘዘው መታዘዙ ብዙ ካላለፋው እንደሆነ፣ ደግሞም አጠገቡ ያለው ሰው ሲታዘዝ ካየ እሱም እንደሚታዘዝ አሳይተዋል። ይሄ ወደኛ ሲመጣ፣ የጆሮ መከላከያው ስቶር ውስጥ ተቆልፎ ተፈርሞ ሚወጣ ከሆነ የሽመና ክፍሉ በር ላይ ያለው ምልክት ምንም አይሰራም፣ እዛው በሩ ላይ በካርቶን ከተቀመጠ ግን ሰው እያለፈ ያነሳዋል። ሱፐርቫይዘሩ ጆሮውን ሳይሸፍን ክፍሉን አቋርጦ ካለፈ ደግሞ ምልክቱን እሱ እራሱ አነሳው ማለት ነው።

ማሻሻል ላይ በደንብ የሚታወቀው የኮማኪና የጓደኞቿ የ1978 እ.ኤ.አ. ስራ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ዳቦና ኬክ የሚያመርት ፋብሪካ ላይ። ለሰራተኛው ትክክለኛው አሰራር በፎቶ ታየ፣ ከዛ የየክፍሉ ውጤት በግራፍ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ሁሉም እያየው ቀጠለ። አንዱ ክፍል ከ70 ወደ 96 በመቶ ገደማ፣ ሌላው ከ78 ወደ 99 በመቶ ገደማ ወጣ። ግራፉ ሲቆም ሁለቱም ተመልሰው ወደ 71ና 72 ወረዱ። የማንም ስም አልተለጠፈም፣ የክፍሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ ይሄ በጣም ያስፈልጋል ምክንያቱም ስም ከተለጠፈ ሰው አደጋ ሲደርስ መደበቅ ይጀምራል።

ደሴ ላይ ያሉት ትንንሽ ብየዳ ቤቶች ሴፍቲ ኦፊሰር የላቸውም፣ ባለቤቱ ራሱ ፎርማን ነው፣ ስራ ለማጅ ልጆች ደግሞ የሚያደርጉት አሰሪያቸው የሚያደርገውን ነው። እዛ ግራፍም ክላሴርም አያስፈልግም፣ ባለቤቱ ብየዳውን ከመለኮሱ በፊት ማስኩን ከለበሰና ለለማጁም ሁለተኛ ማስክ ከገዛ ከፋብሪካው ቀድሞ ይስተካከላል።