አቃቂ፦ የአዲስ አበባ የጉድጓድ ውሃ መስክ

ከአዲስ አበባ መሀል ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ የአቃቂ ሜዳ ይገኛል። ላዩ ማሳና ፋብሪካ ነው። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ የሚቀዳው ግን ከሥሩ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ብዙ ሰው የተኛ ሐይቅ ይመስለዋል። አይደለም። ነዳጅም ሆነ ውሃ የሚገኘው በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነው። የአቃቂው ድንጋይ ግንበኞቻችን ቀይ አሽ የሚሉት ነው፤ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ተቆልሎ ያላየው የለም። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ ሲበርድ ጋዙ ወጥቶ ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ይሆናል። ከሱ ጋር ባዛልት የሚባል የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ተነባብሯል። ከላይ ደግሞ በክረምት ጫማ ይዞ የሚያስቀረው መረሬ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ አለ።

ውሃው በአብዛኛው ከሰሜን፣ ከእንጦጦ በኩል ይመጣል። እንጦጦ የዝናቡን ውሃ ለሁለት የሚከፍል ተራራ ነው። በወዲያኛው ጎኑ የዘነበው ወደ ዓባይ፣ በወዲህኛው የዘነበው በአቃቂ ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከፊሉ ግን በስንጥቅ ሰርጎ በድንጋይ ውስጥ ቀስ እያለ ቁልቁል ይጓዛል።

ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ለከተማዋ አልበቃ ሲሉ መስኩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ቀደምቶቹ ጉድጓዶች ከ200 ሜትር ብዙም አይዘልቁም። የኋለኞቹ 500 ሜትር ያልፋሉ። ሪጉ፣ ማለትም የቁፋሮ ማሽኑ፣ ቆፍሮ ሲጨርስ ጉድጓዱን ደግፎ የሚይዝ ቧንቧ (ኬዝንግ) ይገባል፣ ዙሪያው ጠጠር ይሞላል። ከዚያ ያለ ማቋረጥ እየተሳበ ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ መሳቡ ሲቆምም በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይለካል። እንደኔ የቁፋሮው ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ የጉድጓዱ አቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነውና።

ችግሩ ከፍታው ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ 2,400 ይጠጋል። የለገዳዲ ውሃ ከከፍታ ይወርዳል፣ የአቃቂው ግን በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። መብራት ጠፋ ማለት ፓምፑ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሮቶ ያለው ሮቶውን፣ የሌለው ጄሪካኑን ያያል።

እንደ ነዳጅ ተቀድቶ የሚያልቅ ሀብት ግን አይደለም፤ ክረምት ይተካዋል። ከሚተካው በላይ ከተሳበ ደረጃው ይወርዳል፣ ፓምፑም አብሮ ዝቅ ይላል። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው በዚያው ሜዳ ያልፋሉ። መረሬው ጥቂት ያግዳል። መረሬ በሳሳበት ቦታ ግን ዝናቡን ያስገባው ስንጥቅ ቆሻሻውንም ያስገባል።