ናይትሮጅንን ከድኝ ጋር የምታገናኘው ቲዮማርጋሪታ ምንድን ናት?

በናሚቢያ የባህር ዳርቻ አካባቢ ያለው የውቅያኖስ ወለል ጭቃ የግም እንቁላል ሽታ አለው። የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ድኝ ያለበት መርዛማ ጋዝ ነው። እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚወጣ አልጌ በገፍ ይበቅላል፣ ሲሞት ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ሲበሰብስም አካባቢው ኦክስጅን አልባ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተራው በኦክስጅን ፋንታ በሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን በያዘ ውህድ) የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ነው፤ ጋዙን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው።

ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስ የምትኖረው እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው። ሃይዴ ሹልትስ የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በ1997 አገኘቻት። ባክቴሪያ ሆና በዓይን ትታያለች! ትልልቆቹ እስከ 0.75 ሚሊሜትር ይደርሳሉ።

ሰልፋይዱ ለሌላው መርዝ ቢሆንም ለእሷ የኃይል ምንጭ ነው። ግን እሱን ለመጠቀም ኦክስጅን ወይም ናይትሬት (ናይትሮጅንና ኦክስጅን የያዘ ውህድ) ያስፈልጋታል፤ ናይትሬቱ ያለው ደግሞ ከላይ ውሃው ውስጥ ነው። እሷ መንቀሳቀስ አትችልም። ስለዚህ ታጠራቅማለች። አብዛኛው አካሏ የናይትሬት ጎተራ ነው ማለት ይቻላል፣ ውስጡ ያለው ክምችትም በባህር ውሃ ካለው ከ10,000 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ማዕበል ወይም ከሥር የፈነዳ ሚቴን ጭቃውን ሲያናውጠው ከውሃው ትሞላለች፣ ከዚያ ተቀብራም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ትቆያለች። በቺሊና በፔሩ ዳርቻ ያለችው ዘመዷ ቲዮፕሎካ ግን ራሷ ወደ ላይ ወጥታ ናይትሬት ትቀዳለች፣ ተመልሳ ወደ ሰልፋይዱ ትወርዳለች።

የናይትሮጅንና የድኝ ዑደቶች የሚገናኙት እንግዲህ እዚህ ነው። ሰልፋይዱ መጀመሪያ ድኝ፣ ቀጥሎ ሰልፌት ይሆናል። ናይትሬቱ ደግሞ ወደ አሞኒየም (ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ወደያዘ ውህድ) ይለወጣል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ስለሚለውጡት ከባህሩ ይወጣል፣ አብዛኛው ሕይወት ያለው ነገርም በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። አሞኒየም ግን ማዳበሪያ ነው። ተመልሶ ወደ ላይ ከወጣ ያንኑ አልጌ ይመግባል፣ አልጌው ሞቶ ሲዘቅጥም ሰልፋይድ እንደገና ይመረታል።

ሁሌም ግን እንደዚህ አይቀጥልም። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ቲዮፕሎካ ላይ ተጠግተው የሚኖሩ አናሞክስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። እነዚህ ቲዮፕሎካ የምታወጣውን አሞኒየም ከናይትራይት (ከናይትሬት ያነሰ ኦክስጅን ካለው ውህድ) ጋር አዋህደው ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉታል።