ሲቲ ቫልዩ ምንድን ነው?

«ሲቲው 33 ነው፤ ስለዚህ በሽታ የለም። ማሽኑ 40 ጊዜ ስላባዛው ነው የታየው።» በኮሮና ዘመን ስለ ፒሲአር ምርመራ ውጤት የተጀመረው ይህ አባባል አሁን ደግሞ ስለ ኤምፖክስ (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል ስለነበረው በሽታ) በተነሳ ቁጥር ብቅ ይላል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በቅንነት ነው የሚጽፉት። ግን ቁጥሯን ይዞ ከለይቶ ማቆያ የሚወጣ ሰው ስለማይጠፋ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሲቲ (ከሲቲ ስካን ጋር ምንም አይገናኝም) የዙር ቁጥር ነው። ፒሲአር የሚፈልገውን የቫይረስ ዘረመል ቁራጭ በየዙሩ በእጥፍ ያበዛል፤ ቅጂው ሲበዛ አብሮት ያለው የሚያበራ ቀለም ብርሃንም ይጨምራል። ብርሃኑ ትሬሾልድ የምንላትን መስመር ያለፈበት ዙር ሲቲ ይባላል። መነሻው ብዙ ከሆነ መስመሯ ቶሎ ትታለፋለች፣ ቁጥሩም ያንሳል። በሲቲ 20 እና በሲቲ 30 መካከል ያለው ልዩነት፣ ማባዛቱ ሙሉ ከሆነ፣ 1,024 እጥፍ ነው።

«40 ጊዜ ከተባዛ ምንም ነገር ፖዘቲቭ ይሆናል» ለሚለው መልሱ በየፕሌቱ (ናሙናዎቹ በሚገቡበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) ላይ አለ። ከ96ቱ ጉድጓዶች ቢያንስ በአንዱ ከናሙና ይልቅ ንጹሕ ውሃ ይጨመርና ያንኑ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ተቀላቅሎበት ያንኑ 40 ዙር ያልፋል። ውሃው ካበራ የፕሌቱ ውጤት በሙሉ ይጣላል። ዜሮ በእጥፍ ቢባዛ ዜሮ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ ፓፓያና ፍየል ፖዘቲቭ ወጡ ማለታቸውን ዛሬም የሚጠቅሱ አሉ። ፓፓያ ፖዘቲቭ ከወጣ የሚመረመረው ብክለት ነው፦ የተባዛው ምርት ያለበት ቲዩብ ሪኤጀንት በሚቀላቀልበት ክፍል ተከፍቶ እንደሆነ፣ ጋዋኑና ፒፔቱ ከክፍል ክፍል ተዘዋውሮ እንደሆነ። ብክለት በእርግጥ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ የዙሩ ብዛት ግን ከምንም ተነስቶ ቫይረስ አይሠራም።

የበለጠ የሚያስቸግረው ሲቲን እንደ ቴርሞሜትር ማንበብ ነው። ሊጥ ያቦካ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ብዙ እርሾ የገባበት ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ጥቂት የገባበት ይዘገያል። ኩፍ ያለበትን ሰዓት አይቶ የእርሾውን መጠን መገመት ይቻላል። ነገር ግን የአዳማን ሊጥ ከደብረ ብርሃን ሊጥ ጋር በሰዓት ማወዳደር አይቻልም። ሙቀቱ፣ ዱቄቱ፣ ቡሃቃው ይለያያል፤ «ኩፍ አለ» የሚባልበት ልክ እንኳ ከቤት ቤት አንድ አይደለም። ፒሲአርም እንዲሁ ነው። አንዱ የኮሮና መመርመሪያ ኪት ኤን የተባለውን የቫይረሱን ጂን ይፈልጋል፣ ሌላው ኦአርኤፍ1ኤቢን። አንዱ መሣሪያ መስመሯን በራሱ ያሰምራል፣ ሌላው ላይ ባለሙያው ያስቀምጣታል፤ ከፍ ካደረጋት ሲቲውም ከፍ ይላል። በየዙሩ 2 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 1.9 እጥፍ ብቻ ከተባዛ፣ ከ30 ዙር በኋላ የሚገኘው ቅጂ ከአራት እጥፍ በላይ ያንሳል። በሁለት የተለያዩ ኪቶች የተሠሩ የአዳማ 31 እና የሐዋሳ 28 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማን ብዙ ቫይረስ እንዳለበት አይናገሩም።

ቁጥሩ ላቦራቶሪ ሳይደርስም ይበላሻል። ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው ዘንግ) በአፍንጫ ገብቶ የጉሮሮውን ላይኛ ጫፍ እስኪነካ መድረስ፣ እዚያም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ተሽከርክሮ መውጣት አለበት። የሰውየው ዐይን ሲያለቅስ ታዝኖለት ቶሎ የወጣ ስዋብ ከሚገባው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ቢይዝ ሲቲው በ3 ይጨምራል። ማጓጓዣ ፈሳሹ 1 ሚሊ ሊትር መሆኑ ቀርቶ 3 ከሆነ፣ ናሙናው ስለሚቀጥን 1.6 ያህል ይጨምራል። ከ3 ሚሊ ሊትሩ ለምሳሌ 200 ማይክሮ ሊትር ተወስዶ፣ ዘረመሉ በ50 ማይክሮ ሊትር ከወጣና ከዚያ 5ቱ ብቻ ወደ ማባዣው ቲዩብ ከገባ፣ መሣሪያው የሚያየው ስዋቡ ካመጣው 150ኛ እጁን ነው። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢበዛ 72 ሰዓት ይቆያል። ከመተሐራ ወደ አዳማ ሲመጣ አይስቦክሱ ውስጥ ያለው በረዶ በዚያ ሙቀት ከቀለጠ የኮሮና ቫይረስ ዘረመል የሆነው አርኤንኤ ይበጣጠሳል፣ ሲቲው ያድጋል። አርኤንኤዝ ፒ የተባለው የሰው ጂን በዚያው ናሙና ላይ አብሮ የሚለካው ለዚህ ነው፤ ቫይረሱ ሳይታይ እሱም ከጠፋ «ኔጋቲቭ» ተብሎ አይጻፍም፣ ናሙናው ይደገማል።

የእርሾው ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። የሞተ እርሾ ሊጥ አያነሳም፤ ፒሲአር ግን የሞተውንም የቫይረስ ቁራጭ ያበዛል። ተከራካሪው ግማሽ እውነት የያዘው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለ ሲቲ ያላቸው ናሙናዎች በሴል ላይ ሲዘሩ ቫይረሱ የሚያድገው አልፎ አልፎ ነው፤ ቀላል ሕመም ያለፈው ሰው ምልክት ከጀመረው ከ10 ቀን በኋላ ሕያው ቫይረስ እምብዛም አይገኝበትም፣ ፒሲአሩ ግን ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንድ 33 ብቻውን ቫይረሱ እየጨመረበት ያለውን ሰው እየቀነሰለት ካለው አይለይም። ገና የተያዘ ሰው ዛሬ 33 ሆኖ ከሁለት ቀን በኋላ 20 ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የጀመረበትን ቀን መጠየቅና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።

መጠን የሚለካ ምርመራ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ ነው። መጠናቸው የታወቀ ስታንዳርዶች ስላሉት ውጤቱ በሚሊ ሊትር ይህን ያህል ቅጂ ተብሎ ይጻፋል። የኮሮና መደበኛ ኪቶች የተሠሩት «አለ ወይስ የለም» የሚለውን ለመመለስ ነው።

ኤምፖክስ ላይ ደግሞ የኮሮናው ልምድ እንዳለ አይሠራም። የቫይረሱ ዘረመል እንደ ኮሮናው አርኤንኤ ሳይሆን ዲኤንኤ ስለሆነ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የመቀየሩ ደረጃ አያስፈልገውም። ናሙናው ከቁስል ነው የሚወሰደው፣ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ይበዛበታል። ስለዚህ ከቁስል የመጣ ናሙና ሲቲው 34 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ታካሚው ተጋላጭነት ከሌለው፣ ብክለት ይጠረጠራል። ዘረመሉ እንደገና ተነጥሎ ምርመራው ይደገማል፤ ካልጠራም ከሌላ ቁስል አዲስ ናሙና ይወሰዳል።